ቅጠሏን አትንኪ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የማወራው ነገር ጀግና እንዳያስመስለኝ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይ አጣጥፌ ፍራሽ ሥር እደብቀዋለሁ። በማላውቀው ቁጥር ስልክ ከተደወለልኝ ጠርቶ ጠርቶ እስኪዘጋ ድረስ አጠገቡ ቆሜ አየዋለሁ። ልጄ ከቢሮ ስትወጣ ትደውልልኛለች፣ ታክሲ ስትይዝ ትደውልልኛለች፣ ደምበል ጋ ስትደርስም ትደውልልኛለች። እኔ ግን የግቢው በር እስኪንኳኳ ድረስ በሐሳቤ ሁለት ጊዜ መኪና ገጭቷት አንድ ጊዜ ተዘርፋለች። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በላይ የተማረ ሰው ሲናገር፣ ገባኝም አልገባኝ፣ አንገቴን በእሺታ እነቀንቃለሁ።

ቤታችን ካዛንችስ ነው፤ ማለቴ ከቀረው ካዛንችስ። ግማሹ ሰፈር ለልማት ተነስቷል። እኛ በሌላኛው ግማሽ ውስጥ ነን፤ የሚመጣውን እየጠበቅን ቆርቆሯችንን ቀለም እንቀባለን። ሁለት ክፍልና ከፊት ለፊቷ ስምንት እርምጃ የምትሆን ጓሮ አለችን። ጓሮ ከቤት ጀርባ ነው የሚሉ አሉ፤ የኛ ግን ጀርባው የሰው ግድግዳ ስለሆነ ከፊት ነው። እዚያች ስምንት እርምጃ ላይ ነው ባለቤቴ ያቺን ሰማያዊ ተክል የተከላት።

ባለቤቴ አትክልተኛ ነበር። እዚሁ ሰፈር አንዲት የደቡብ አፍሪካ ሴት የተከራየችውን ሰፊ ግቢ ዘጠኝ ዓመት ተንከባክቧል። ሴትዮዋ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ለሠራተኞቿ የምትሰጠውን አሰልፋ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ዕቃ ምረጡ አለቻቸው። ዘበኛው ቴሌቪዥኑን መረጠ። ወጥ ቤቷ ፍሪጁን መረጠች። ይሄን ወሬ እኔ ከሰዓት በፊት ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ባሌ ሲመጣ ከኋላው የሚከተለውን ጋሪ ለመቀበል የግቢውን በር ሁለቱንም ክንፍ ከፍቼ ቆሜያለሁ። ሶፋው ይሆናል ብዬ ነበር። ብቻውን መጣ። በጋዜጣ የተጠቀለለች፣ የቀይ ሽንኩርት ራስ የምታክል ነገር በሁለት እጁ ይዟል።

"ሌላውስ?" አልኩት።

"ሌላው ምን?"

በሩን መልሼ ዘጋሁ።

እሱ ወሬ አያበዛም። በዚያ ቀን ግን ለሱ ብዙ የሚባል ነገር ተናገረ። ሳይካስ የምትባል ዘንባባ መሰል ተክል እንደሆነች፣ ከእናቷ ግንድ ሥር የበቀለች ልጅ እንደሆነች፣ በዚህ ከተማ እንደሷ ያለች ሌላ እሱ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። አሸዋና ጠጠር ቀላቅሎ ተከላት፤ ውሃ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው አለ። መጨረሻ ላይ እጁን እየታጠበ "ቅጠሏን አትንኪ" አለኝ። ገና ቅጠል የሚባል ነገር አልነበራትም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ፍሪጁን እያሰብኩ ነበር።

አንድ ዓመት ሙሉ ምንም አላወጣችም። አጥር የምንጋራት ባለ ሱቋ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች "ባልሽ ዛሬም ድንጋዩን ውሃ አጠጣው?" ትለኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ምን ላድርግ። በሁለተኛው ክረምት አንዲት ቅጠል ብቅ አለች። እንደ ተማሪ ዩኒፎርም ያለ ሰማያዊ እንዳይመስላችሁ። ጭስ የነካው፣ ብር ብር የሚል፣ ዝናብ ሊጥል ሲል ሰማዩ የሚይዘው ዓይነት ሰማያዊ ነው። ቅጠሏ ደግሞ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ በየጎኑ እንደ መርፌ የሚዋጋ እሾህ ያለው ነው። ያን ጊዜ አትንኪ ያለኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ እሾሁ እንዳይወጋኝ አስቦልኝ ነው። በልቤ አመሰገንኩት። ባል ለሚስቱ እንዲህ ሲያስብ ደስ ይላል።

ከዚያ በኋላ በየክረምቱ መግቢያ አንድ ዙር ቅጠል ታወጣለች። ሌላ ጊዜ ዝም ነው። ባለ ሱቋም ነገሯን ቀየረች፤ "ቀለም እየቀባት ነው፤ ማታ ማታ በብሩሽ" ማለት ጀመረች። ሰው የማያውቀውን ነገር ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይጠረጥራል፣ በመጨረሻ ቅርንጫፍ ቁረጡልኝ ይላል።

ከአራት ዓመት በፊት ባለቤቴ ሞተ። ልብ ነው አሉ። ጠዋት ጠጠሯን አስተካክሎላት ወጣ፤ ከሰዓት ሰዎች ደግፈውት መጡ። ስለሱ ሐዘን ብዙ አልጽፍም፤ ያለቀሰ ያውቀዋል። የምጽፈው ስለ እድሩ ነው፤ ምክንያቱም ኋላ ለመጣብኝ ነገር መነሻው እሱ ነው። እድሩ ድንኳኑን ተከለልኝ፣ አግዳሚውን ደረደረልኝ፣ ድስቱንና ሳህኑን አወጣልኝ፣ ጉድጓዱን አስቆፈረልኝ። እኔ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ከመቀመጥ በቀር አንድ ነገር አልነካሁም። እንዲህ ላደረገልሽ እድር ሌላ ጊዜ በምን አፍሽ እምቢ ትያለሽ? ባልሽን የቀበረው እሱ ነው፤ አንቺንም የሚቀብርሽ እሱ ነው። ከሚቀብርሽ ጋር አትጣይም።

ከሱ ሞት ወዲያ ያቺ ተክል ለኔ ተክል መሆኗ ቀረ። ፎቶው ግድግዳ ላይ አለ፤ ፎቶ ግን አያድግም። እሷ በየክረምቱ እሱ በተከላት ቦታ፣ እሱ በቀላቀለው አሸዋ ላይ አዲስ ነገር ታወጣለች። ሌላ የሱ እጅ ያረፈበት ሕይወት ያለው ነገር የለኝም፤ ልጄና እሷ ብቻ ናቸው። ልጄ ሰምታ "እኔና ሳይካሷ እኩል ነን ማለት ነው?" ብላኛለች። እሷ በሳምንት አንዴ ብቻ ነው ውሃ የምትጠይቀኝ አልኳት፤ አንቺ ትብሻለሽ።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። አንድ ቅዳሜ ስልኳን ይዛ ተክሏን ከላይ ከታች ቀረጸች፣ ሙዚቃ ጨመረችበትና ለቀቀችው። በሦስተኛው ቀን "እማ፣ ቫይራል ሆንን" አለችኝ። በሽታ መሰለኝ። ሰዉ የጻፈውን አነበበችልኝ። አንዱ ኤአይ ነው፣ እንዲህ ያለ ተክል የለም ብሏል። ሌላው ዳይኖሰር ይበላው የነበረ ነው፣ እናትየዋ ምን እንደያዘች አታውቅም ብሏል። እናትየዋ እኔ ነኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ቀነሰ። የያዝኩትን አለማወቄን አገር ካወቀ ሊወስድብኝ ይመጣል ብዬ።

መጡም። አንዲት ሴትዮ ለስኳር በሽታ ፍቱን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ ብላ አንድ ቅጠል ለመነችኝ። እህቴ፣ መርዝ ነው ብዬ መለስኳት፤ እውነትም መርዝ ነው፣ ባለቤቴ ነግሮኛል። በነጋታው መርዝ መሆኑን የሰማ ሰውዬ ለአይጥ ሊወስድ መጣ። ከቡልጋሪያ ሰፈር የመጣ ደላላ ደግሞ ግቢው በር ላይ ቆሞ፣ ቤቱን ነው ተክሉን የምትሸጡት ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ብዬው በሩን ስዘጋ ሁለቱንም አልሸጥም ማለቴ መሆኑ እስካሁን አልገባው ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። የሰው ዓይን እንዳይበላት ብዬ ግንዷ ላይ ጥቁር ክር አሰርኩ። አንሶላ ዘርግቼ ጋረድኳት። የተጋረደ ነገር ደግሞ ሰው ይበልጥ ያያል። ባለ ሱቋ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ "አንሶላው ውስጥ ማን ነው የሚታጠበው?" አለችኝ።

የእድራችን ሊቀመንበር ቪዲዮውን ያየው ዘግይቶ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሲሠራ የነበረበት ቢሮ ስብሰባ ይብዛው አይብዛው አላውቅም፤ እሱ ግን ስብሰባ ለምዶ ወጥቷል። ከጡረታው ወዲህ እድራችን ሰው ባይሞትም ይሰበሰባል። በወሩ እሁድ ተሰብስበን ሳለ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ። በአዲሱ መንገድ ዳር መናፈሻ እየተሠራ መሆኑን፣ አንዱ እድር አግዳሚ ወንበር መስጠቱን፣ ሌላው ቆሻሻ መጣያ ማበርከቱን ነገረን። የኛ እድር ግን ማንም የሌለው ሀብት አለው አለ። ሰማያዊዋ ተክል የእድሩ ስም ከተጻፈበት ሰሌዳ ጋር መናፈሻው መሐል ብትተከል፣ የሚመለከተው አካል ያየናል፤ አይቶ ሰፈራችንን በሌላ ዓይን ይመለከታል።

የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። እንዲያየን ግን ሁሉም ፈለገ። ቤት ስንገባ ደግሞ እንዳያየን እንጸልያለን። ያን ቀን ሁላችንም እንደምንፈራ አወቅኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔ ብቻ ፈሪ አለመሆኔ ደስ ይለኝ ነበር።

"የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ" አለ።

እጅ ወጣ። ከፊቴ ያሉት አወጡ፣ ከጎኔ ያሉት አወጡ። ሊቀመንበሩ እየዞረ ያያል። ድንኳኑንና ድስቱን አሰብኩ። እጄ፣ እኔ ሳላዘው፣ ወጣ።

ባለ ሱቋ ክርኗን ጎኔ ላይ አሳረፈች። "አንቺ፣ እጅሽን አወጣሽ እኮ።"

"አየሁት" አልኳት።

የተቃወመ ብሎ ጠየቀ፤ የለም። ድምፀ ተአቅቦ አለ፤ የለም። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ድምፅ ብሎ ጻፈ። ሊቀመንበሩ የኔን እጅ ለብቻው አመሰገነ፤ ባለንብረቷ ሳትቀር አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ቤት ስገባ ለልጄ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ አንዱን እግሯ ላይ፣ አንዱን እጇ ላይ አድርጋ ቆመች።

"እማ፣ በገዛ ዕቃሽ ላይ ቮት አደረግሽ? ስጡብኝ ብለሽ?"

"ሁሉም ሲያወጣ እኔ ብቻዬን..."

"አባዬ እኮ ፍሪጅ ትቶ ነው እሷን የወሰደው።"

 ዓይኔን ወደ ጓሮው ላለመላክ ወጥ አማሰልኩ።

ለመናፈሻው ተክል የሚመርጡት ሰዎች ቅዳሜ መጥተው ያዩዋታል ተባለ። ዓርብ ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ፣ ማን ይሆን፣ ማን ይሆን እያልኩ ወጣሁ። ብዙዎቻችን እንደዚያው ወጣን፤ አንዷማ ገና ከበሯ እያለቀሰች ነበር። ማንም አልሞተም፤ የጽዳት ዘመቻ ነው። ሊቀመንበሩ ጡሩምባው ለጽዳት ይነፋ ዘንድ መተዳደሪያ ደንቡ አይከለክልም አለን። የምታለቅሰዋ ዕንባዋን ጠርጋ መጥረጊያ ያዘች።

መንገዱን ጠረግን፣ ቦዩን ከፈትን፣ ድንጋዩንና የዛፉን ግንድ ኖራ ቀባን። ሊቀመንበሩ የኖራ ባልዲውን ይዞ ጓሮዬ ገባና የሷንም ግንድ አየ። ግንዷ ግን ከመሬት አንድ ስንዝር ቢሆን ነው፤ ኖራውን የት እንደሚቀባ ሲያስብ ሲያስብ ተወው። ከመሄዱ በፊት ጎንበስ ብሎ "አቧራ ለብሳለች፤ ለእንግዳ እንዲህ አትቀርብም" አለኝ።

እሱ ከሄደ በኋላ እኔም አየኋት። እውነቱን ነው። ከሚፈርሰው ሰፈር የሚነሣው አቧራ ሁላችንንም አልብሶናል፤ የታጠበ ልብስ ከገመዱ ላይ ሳይደርቅ ይቆሽሻል። ቅጠሏ ላይ በሙሉ ነጭ ብናኝ አለ፤ ጣት ቢያርፍበት የሚለቅ ዓይነት። ይሄንን ብናኝ ባነሣላት ሥር ያለው ሰማያዊ ይበልጥ ይወጣል ብዬ አሰብኩ። ደግሞ አሰብኩ፦ የማላስቀራት ከሆነ ንጹሕ ሆና ትሂድ። የሱ እጅ ሥራ ነች፤ ቆሻሻ ነበረች እንዳይሉበት። ሬሳ እንኳ ታጥቦ ነው የሚሸኘው።

አትንኪ ማለቱን አልረሳሁም። ግን አትንኪ ያለኝ በእሾሁ ነው፤ እኔ ደግሞ ጓንት አለኝ። በቃ፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አመጣሁ፤ የልብስ ሳሙና አሟሟሁበት፤ አዲስ ስፖንጅ ከባለ ሱቋ ወሰድኩ። ቅጠል በቅጠል፣ ከሥር እስከ ጫፍ፣ ፊትና ጀርባ፣ ሕፃን እንደማጥብ አድርጌ አጠብኳት። ውሃው ሦስት ጊዜ አመድ መሰለ፤ ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። ምን ያህል ቆሻሻ ተሸክማ ኖራለች እያልኩ አዘንኩላት። ስጨርስ አለቀለቅኳትና ቁጭ ብዬ እንድትደርቅ ጠበቅኳት።

ደረቀች። አረንጓዴ ሆና ደረቀች።

መጀመሪያ ገና እርጥብ ናት አልኩ። ፀሐዩ ነው አልኩ። ዓይኔ ነው አልኩ፤ ገብቼ ዓይኔን ታጥቤ ወጣሁ። እንደ ጎመን፣ እንደ ሐበሻ ጽድ፣ እንደ ማንም ቅጠል አረንጓዴ ናት። ሳፋው ውስጥ የቀረውን ውሃ አየሁ። ሰማያዊው እዚያ ነበር፤ ከሳሙናው አረፋ ጋር። ልደፋው አቅቶኝ ቆምኩ። ያኔ ነው የባሌ ሁለት ቃል የገባኝ፣ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ። ለኔ እጅ አልነበረም ያሰበው፤ ለሷ ነው። አንድ ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት? እሱም ቢሆን፣ እኔ ለምን ብዬ አልጠየቅኩትም።

ልጄ መጥታ አየቻት። ጮኻ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና "በስፖንጅ ነው?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት መጡ። ሊቀመንበሩ ኮትና ክራቫት አድርጓል። ከኋላው የእድሩ ሰው ሁሉ አለ። የመጡት ሁለት እንግዶች ናቸው፤ አንድ ብዙ የማይናገር ሰውዬና አንዲት የአትክልት ባለሙያ፣ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ፣ ጫማዋ ጭቃ የነካው። ሊቀመንበሩ ከግቢው በር ጀምሮ ንግግር ያደርጋል። በዚህች አገር ሰማያዊ ተክል ያለው ብቸኛው እድር መሆናችንን፣ እድሩ ተክሏን ከልጅነቷ ጀምሮ ተንከባክቦ ማሳደጉን ይናገራል። እኔ አንሶላውን ይዤ ቆሜያለሁ። "ይኸውላችሁ" አለና እጁን ዘረጋ። አንሶላውን ሳብኩት።

 ሊቀመንበሩ የዘረጋውን እጅ አላጠፈም፤ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ሰማያዊዋ የታለች?" አለኝ።

"ይቺው ናት።"

"ይቺማ አረንጓዴ ናት።"

"አጠብኳት" አልኩ።

ከኋላ በኩል ባለ ሱቋ "አላልኳችሁም?" ስትል ሰማሁ። ሳቅ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ከአንገቱ ጀምሮ ቀላ። እንግዶቹን አየ፣ እኔን አየ፣ በዝግታ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ፦

"እህት ዓለም፣ ነፍሱን ይማረውና ባልሽ ቀለም ነበር እንዴ የሚቀባት?"

እኔ ስለራሴ የተባለውን ሁሉ እውጣለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ይሄን ግን መዋጥ አቃተኝ።  መልስ የሰጠችው ግን ባለሙያዋ ናት። ተንበርክካ ነበር። ወደ ግድግዳው የዞረችውን ቅጠል፣ እጄ በደንብ ያልደረሰባትን፣ በአንድ ጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና ጣቷን ለሁሉም አሳየች። ጣቷ ላይ ነጭ ብናኝ አለ፤ በቅጠሏ ላይ ጣቷ ባረፈበት ቦታ አረንጓዴ ነጥብ ወጥቷል፣ ዙሪያው ሰማያዊ እንደሆነ።

"ቀለም አይደለም" አለች። "ቅጠሏ ራሷ የምታወጣው ሰም ነው። ፀሐይ እንዳያቃጥላት የምትለብሰው ነው። ከተነካ ይለቃል፤ የለቀቀው ቅጠል ላይ አይመለስም።" ከዚያ ወደኔ ዞራ ቀስ ብላ "እናቴ፣ በሳሙና ነው ያጠቧት?" አለችኝ።

"በልብስ ሳሙና።"

ልትስቅ ነበር፤ ያዘችው። "ባለቤትዎ ጎበዝ ሰው ነበሩ" አለች። "ይሄን አሸዋ ማንም እንዲህ አይቀላቅለውም። አይሥጉ፤ ቀጣዩ ቅጠል ሰማያዊ ሆኖ ነው የሚወጣው።"

ሊቀመንበሩ ነፍሱ ተመለሰች። እጁን አጋጨ። እንግዲያማ ችግር የለም፣ ክረምት ሲገባ አዲሱን ቅጠል ስታወጣ መጥተው ይወስዷታል፣ ሰሌዳውም እስከዚያ ይደርሳል አለ። ጸሐፊው ብዕር አወጣ። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። የኔም አንገት መንቀሳቀስ ጀምራ ነበር፤ ጠዋት የተበጠርኩት ፀጉር በእድሩ ሰው ፊት ሲወዛወዝ ይሰማኛል። ያኔ ያቺን ሰማያዊ የቀረች ቅጠል አየሁ፤ ጣት ያረፈባትን።

"አልሰጥም" አልኩ።

ግን እኔ ነኝና የተናገርኩት፣ ድምፄ አልወጣም። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አቀረበልኝ። "ምን አልሽ?"

አንዴ መናገሩ ለኔ የዓመት ድፍረት ነበር። ሁለተኛው ከየት እንደመጣ አላውቅም። አንሶላውን አጥብቄ ይዣለሁ።

"የባለቤቴ ናት፤ አልሰጥም አልኩ። እጄን ያወጣሁት ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። እርስዎንም እድሩንም አከብራለሁ። ስትቀብሩኝ ቅበሩኝ፤ እሷን ግን አልሰጥም።"

ከኋላ አንድም ሰው አልሳቀም። ባለ ሱቋ እንኳ። ሊቀመንበሩ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ መተላለፉን ሊያስታውሰኝ አፉን ሲከፍት፣ ያ ብዙ የማይናገረው ሰውዬ ተናገረ። እነሱ የሰው ጓሮ ተክል እንደማይወስዱ፣ ማንንም አምጡ እንዳላሉ፣ የመጡት ኑና እዩልን የሚል ደብዳቤ ከእድሩ ስለደረሳቸው እንደሆነ፣ መናፈሻው ደግሞ የራሱ ችግኝ እንዳለው በትሕትና ነገረን። ስንት ሌሊት የፈራሁትን ነገር ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ሰው ሁሉ ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ክራቫቱን አስተካከለ።

በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ እድሩ ምን ይስጥ የሚለው እንደገና ተነሣ። ባለ ሱቋ ብድግ አለችና ሊቀመንበራችን በራቸው ላይ በቀይና በቢጫ የቀቧቸው የመኪና ጎማዎች አሉ፣ ውስጣቸው ጽጌረዳ አለ፣ እነሱን እንስጥ አለች። የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ ተባለ። እጅ እንደ ደን ወጣ። ሊቀመንበሩ ዙሪያውን አየ፤ ድንኳኑን ያሰበ ይመስለኛል። የሱም እጅ ቀስ ብላ ወጣች። የኔማ ቀድማ ነበር። በሙሉ ድምፅ ተብሎ ተጻፈ።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ እንደጀመረ፣ ከመሐሏ የዝንጀሮ ጣት የመሰሉ ጸጉራም ቡቃያዎች ወጡ። ቀስ ብለው ተከፈቱ። ሰማያዊ ናቸው፤ ሳፋው ውስጥ ያየሁት ሰማያዊ። ያጠብኳቸው አሮጌዎቹ ከሥር አረንጓዴ ሆነው ቀሩ፤ ልጄ ለቪዲዮ እንቁረጣቸው ስትለኝ እምቢ አልኳት። ስሕተቴም ጓሮዬ ውስጥ ይቀመጥ።

ፍርሃቴ አልቀረልኝም። መለኪያ የያዘ ሰው በመንገዱ ካለፈ አሁንም በሩን ቀርቅሬ በቀዳዳ አያለሁ፤ አንድ ቀን የኛም ግማሽ ይነሣል፣ ያኔ እሷን በምን እንደማንሣት አላውቅም። አቧራውም አልቆመም። ጠዋት ስወጣ ቅጠሏ ላይ አርፎ አየዋለሁ፤ እጄ በራሷ ወደ ጨርቁ ትሄዳለች። እጄን ከኋላዬ አድርጌ እቆማለሁ። አንዳንድ ቀን ከዚህ የከበደ ሥራ የለኝም።

ባለፈው ሊቀመንበሩ የእድሩን ካርድ ሊያድስልኝ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግቢዬ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። አዲሶቹን ቅጠሎች ሲያይ ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "እውነትም" አለ፣ ለራሱ። ከዚያ እጁን፣ አንድ ጣቱን አስቀድሞ፣ ዘረጋ።

"ቅጠሏን አይንኩ" አልኩት።

ጣቱ እንደተዘረጋ ወደኔ ዞረ። "ለምን?"

"እሾህ አላት፣ ጋሼ" አልኩት፤ "እንዳይወጋዎት ብዬ ነው።"